«የለም» ብዬ መጻፍ ሰልችቶኛል

ጤና ይስጥልኝ፤

የዱር እንስሳት ጤና ቴክኒሻን ነኝ። እንስሳ ሞቶ ተገኘ ሲባል ቦታው ድረስ እሄዳለሁ፤ ናሙና ወስጄ፣ የበረዶ ሣጥን ውስጥ አሽጌ ወደ ላቦራቶሪ እልካለሁ። የሞተ ባይኖርም በተመደበልኝ መስመር እየተጓዝኩ የሚያነክስ፣ ለሃጩ የሚዝረበረብ ወይም ከመንጋው የተነጠለ እንስሳ ካለ እመለከታለሁ። ማታ ቅጹን ስሞላ አብዛኛውን ጊዜ የምጽፈው አንድ ቃል ነው፦ «የለም»።

ይህን ሙያ የተማርኩት እንስሳ ለማዳን ነበር። እስካሁን በእጄ ድኖ የሄደ አላየሁም። ከላክኋቸው ናሙናዎች የብዙዎቹ ውጤት ወደ እኔ አይመለስም፤ የተመለሰውም «በሽታ አልተገኘበትም» ይላል። በቅርቡ አለቃዬ «ምንም ካላገኘሽ ቅጽ መሙላቱ ለምን አስፈለገ?» አለኝ። መልስ አጣሁለት። ጓንት ሲያልቅብን ደግሞ «ዛሬን እንደምንም ተወጪው» እባላለሁ።

አሁን የቤት እንስሳት ክሊኒክ ሥራ አግኝቻለሁ። እዚያ ቢያንስ ታሞ የመጣው ሲድን አያለሁ። እናቴ «ምን ትጠብቂያለሽ?» ትለኛለች። እርስዎስ ምን ይመክሩኛል?

መወሰን ያቃተኝ

መልስ

እህቴ፣

ከደብዳቤሽ ሁሉ ያስቆጣኝ የአለቃሽ ጥያቄ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር።

ከብቱን የፈጀው፣ ጎሹንም ያልማረው የደስታ በሽታ (ሪንደርፔስት) ከምድር ገጽ መጥፋቱ የታወጀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። በሰው ጥረት የጠፋ የመጀመሪያው የእንስሳት በሽታ እሱ ነው። ለመጨረሻ ጊዜ የተረጋገጠው ግን በ2001 ነበር፤ ያውም በከብት ላይ ሳይሆን ኬንያ ውስጥ፣ በሜሩ ብሔራዊ ፓርክ ጎሾች ላይ። በመካከል ያለውን አሥር ዓመት አስቢው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሲፈለግ የነበረው አንቺን የሰለቸሽ መልስ ነው።

የጎሹ ደም ይህን ያህል የተፈለገበት ምክንያትም አለ። ከብት ይከተብ ነበር። በተከተበ ከብት ደም ውስጥ ፀረ እንግዳ አካል ቢገኝ ከክትባቱ ይሁን ከበሽታው የመጣ መለየት አይቻልም። ጎሽን ግን ማንም አልከተበውም። ጥጃነቱን ባለፈ ወጣት ጎሽ ደም ውስጥ ፀረ እንግዳ አካሉ ከታየ ቫይረሱ በአካባቢው ይዞር ነበር ማለት ነው። ከብዙ ወጣት ጎሾች ደም ተቀድቶ በአንዱም ካልታየ፣ እነሱ ከተወለዱ ወዲህ በሽታው በዚያ ላለማለፉ ጥሩ ማስረጃ ነው። ዓለም «ጠፋ» ለማለት የደፈረው እንዲህ ያለው ውጤት ከየቦታው ስለተሰበሰበ ነው።

ስለዚህ ለአለቃሽ እንዲህ በዪው፦ ያልተሞላ ቅጽ ማንም እንዳልሄደ ይቆጠራል፤ «የለም» የተጻፈበት ግን ሄዶ ያየ ሰው መኖሩን ይመሰክራል። የት፣ መቼ፣ ስንት እንስሳ አይተሽ እንደሆነ ካልጻፍሽበት ግን እሱም ግማሽ እውነት ይኖረዋል። እነዚህን ሳትጽፊ አትለፊ።

ሰው በቦታው መገኘቱ ራሱ ምን እንደሚያመጣ በ2015 ካዛክስታን ውስጥ ታይቷል። ሳይጋ የሚባሉ የሜዳ ፍየል ዘመዶች በሦስት ሳምንት ገደማ ከ200,000 በላይ ሞቱ። ተመራማሪዎች አስቀድመው ወሊዳቸውን ለመከታተል እዚያው ስለነበሩ በድኑ ሳይበሰብስ ናሙና ወሰዱ። ገዳዩ በጤነኛ ሳይጋ ጉሮሮ ውስጥም የሚኖር ፓስቱሬላ የተባለ ባክቴሪያ ሆኖ ተገኘ፤ ያልተለመደ ሙቀትና እርጥበት ነበር የቀሰቀሰው።

ይህን ስል ድካምሽን ማቃለሌ አይደለም። ውጤት ሳይነገራት ናሙና የምትልክ ሰው መሰልቸቷ የሚጠበቅ ነው፤ እኔ እንደማየው ያደከመሽ ሥራው ሳይሆን የላቦራቶሪው ዝምታ ነው። የእያንዳንዱን ናሙና ቁጥር በራስሽ ደብተር ያዢና በየወሩ ጠይቂ። ውጤቱ የአንቺም የጤና ጉዳይ ነውና ማወቅ መብትሽ ነው።

የጓንቱን ነገር ግን በዋዛ አላልፈውም። ጓንት ከሌለ በድን አይነካም። ከአፍንጫው ወይም ከፊንጢጣው ያልረጋ ደም የሚፈስ በድን ካየሽ አባሰንጋ ነው ብለሽ አስቢ፤ አትክፈቺው። ባክቴሪያው አየር ሲያገኝ ስፖር ወደሚባል በቀላሉ የማይሞት ቅርጽ ይለወጣል፣ አፈር ውስጥም ለብዙ ዓመታት ይቆያል። በጓንት ሆነሽ ከጆሮው የደም ሥር ጠብታ ደም ስላይድ (የመመርመሪያ መስታወት) ላይ ማድረግ ይበቃል። የእብድ ውሻ በሽታ ቅድመ መከላከያ ክትባትም ካልወሰድሽ ዛሬውኑ ጠይቂ።

ክሊኒኩ ጥቂት ጊዜ እንዲጠብቅሽ ለምኚና ለአለቃሽ በጽሑፍ አቅርቢ፦ ጓንት፣ ክትባት፣ የናሙናዎችሽ ውጤት። ጓንቱንና ክትባቱን እምቢ ካለ በማግሥቱ ልቀቂ። ሁሉንም ፈቅዶልሽ አሁንም የዳነ እንስሳ ማየት ካማረሽም ሂጂ፤ ክሊኒክ መሥራት የሚያሳፍር ምርጫ አይደለም፣ እናትሽም ልክ ናቸው። ብቻ ደብተርሽን ለምትተካሽ ወይም ለሚተካሽ ሰው ሳታስረክቢ እንዳትሄጂ፤ የሠራሽበት መስመር መዝገብ መሐል ላይ እንዳይቋረጥ።