ከመነሻው ቀላል መሆን ያለበት የትኛው ነው?

ውድ ወጣት ፕሮግራመሮች፣

ውስብስብ ሶፍትዌር ከመነሻው ቀላል ሆኖ ሊነደፍ ይችላል ወይ? ሙሉው አይችልም። የዳታው አቀማመጥ ግን ይችላል፤ ግዴታም ነው።

የቅለት ምሳሌ እያላችሁ የምትጠቅሱት ዩኒክስ የተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም እንኳ እ.ኤ.አ. በ1969 ሲጀመር ትንንሽ ፕሮግራሞችን የሚያያይዘው ፓይፕ አልነበረውም። የገባው በ1973 ነው። ስለዚህ ስለ ስክሪንና ስለ ሪፖርት ብዙ አትጨነቁ፤ ቆይቶም ይቀየራል። ዳታ ላይ ግን ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

የብድር ፕሮግራም እንውሰድ። ቀኑ የሚሞላው በእኛ አቆጣጠር ነው። የቸኮለ ሰው ቁጥሩን እንዳለ የዳታቤዙ የቀን ዓምድ ውስጥ ይከተዋል። ዳታቤዙ 2ኛውን ወር ፌብሩዋሪ ብሎ ስለሚያነብ ጥቅምት 30ን አይቀበልም፤ 13ኛ ወርም አያውቅም። ይህ ስህተት ደግ ነው፣ ወዲያው ይጮኻል። የሚያስፈራው ዝም የሚለው ነው፦ ከኅዳር 30 እስከ ታኅሣሥ 1 ያለው አንድ ቀን ሆኖ ሳለ ዳታቤዙ 3ኛው ወር ማርች ስለሚመስለው ሁለት ይቆጥራል። የአንድ ቀን ወለድ ይጨመራል፤ ማንም ልብ አይልም። ሲታወቅ ደግሞ በየሪፖርቱ «ወሩ 3 ከሆነ አንድ ቀንስ» የሚል ጥገኛ ኮድ ይበቅላል። ውስብስብነት የሚሉት ይኸው ነው።

መፍትሔው አሰልቺ ነው። ቀኑን በጎርጎርዮሳዊው አስቀምጡ፤ ሲገባና ሲታይ ብቻ፣ በአንድ ፋንክሽን ለውጡት። ስትፈትኑት ጳጉሜ 6 ቀን 2015ን ተቀብሎ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ማለት፣ ጳጉሜ 6 ቀን 2016ን ደግሞ እንዲህ ያለ ቀን የለም ብሎ አልቀበልም ማለት አለበት።

ስምም እንዲሁ ነው፦ የራስ፣ የአባት፣ የአያት፣ ሦስት ዓምድ። «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ብለው የጻፉ ሁለት ሠራተኞች አንዱን ደንበኛ እንዲያገኙት የተጻፈውን ሳትነኩ ሞክሼ ሆሄያቱ ወደ አንድ የተመለሱበት የመፈለጊያ ዓምድ ጨምሩ።

የቀረው በአንድ ቅርንጫፍና በአንድ የብድር ዓይነት ይጀመር፤ ወር እስኪዘጋ ከወረቀቱ መዝገብ ጋር ጎን ለጎን ይሂድ። ሁለተኛው የብድር ዓይነት ሲመጣ የመጀመሪያውን ኮድ ገልብጡት፣ ነውር የለውም። ለሁሉም የሚሆን የጋራ ኮድ የሚጻፈው ሦስተኛው ሲመጣ ነው፤ በሁለቱ መካከል ያያችሁት መመሳሰል ብዙ ጊዜ አጋጣሚ ነው።