የአውቶማቲክ ካምቢዮ ብሎኖችን በልክ ስለማጥበቅ፦ ጥያቄና መልስ

የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይትና ፊልትሮ ሲቀየር ባለመኪናውም መካኒኩም የሚጨነቁት ስለ ዘይቱ ዓይነት ነው። ተገቢ ጭንቀት ነው። ነገር ግን ከሰርቪስ በኋላ እያፈሰሱ ወይም ማርሽ እያመቱ ወደ እኔ ከሚመጡት ካምቢዮዎች ብዙዎቹ ጥፋታቸው ከዘይቱ አይደለም፤ ካለልኩ ከጠበቀ ብሎን ነው። ስለዚህ ስለ ማጥበቅ ብቻ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ የመጡትን ጥያቄዎች እነሆ ከነመልሳቸው።

ጥያቄ፦ ብዙ ዘመን በቁልፍ የሠራሁ ሰው ነኝ፤ ብሎን ሲበቃው እጄ ይነግረኛል። ለካምቢዮ ኮፓ (ከሥሩ ላለው የዘይት መያዣ) ቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ ቁልፍ) መግዛት የግድ ነው?

አዎ፣ የግድ ነው። ልምድዎን አቅልዬ አይደለም የምናገረው። የኮፓ ብሎን አብዛኛውን ጊዜ ኤም 6 ነው፤ ውፍረቱ 6 ሚሊሜትር፣ ጭንቅላቱ በ10 ቁልፍ የሚፈታ ማለት ነው። አምራቾች ለእንዲህ ያለው ብሎን የሚሰጡት ልክ በአመዛኙ ከ7 እስከ 12 ኒውተን ሜትር ነው። 10 ኒውተን ሜትርን ወስደን እናስላው፦ እጀታው 25 ሴንቲሜትር በሆነ ቁልፍ ጫፍ ላይ 4 ኪሎ ግራም ያህል መጫን ማለት ነው። የአዋቂ ክንድ የዚህን ሦስት እጥፍ ሳይታወቀው ይጫናል፤ መኪና ሥር ተንጋልሎ የሚሠራ ሰው ደግሞ የቱን ያህል እንደተጫነ ጭራሽ አያውቅም።

ብሎን የሚይዘው በመለጠጡ ነው። ሲጠብቅ እንደ ላስቲክ በጥቂቱ ይሳባል፤ ወደ ቁመቱ ለመመለስ ሲታገል ሁለቱን አካላት አጣብቆ ይይዛል። ከልኩ ካለፈ ግን ተስቦ ይቀራል እንጂ አይመለስም። ሲያዩት የጠበቀ ይመስላል፤ መያዙን ግን ትቷል። እጅ ደግሞ የሚሰማው የመዞር ተቃውሞን እንጂ የብሎኑን መለጠጥ አይደለም። ከምናወጣው ኃይል ግማሽ ያህሉ በብሎኑ ጭንቅላት ሥር ባለው ፍትጊያ፣ 40 በመቶ ያህሉ በጥርሱ (በጠመዝማዛው መስመሩ) ፍትጊያ ያልቃል፤ ለመያዝ ሥራ የሚተርፈው አንድ አሥረኛው ገደማ ነው። ጥርሱ ትንሽ ዝገት ወይም ትንሽ ዘይት ሲነካው ያ አንድ አሥረኛ በብዙ ይለዋወጣል፤ እጅዎ ግን ልዩነቱን አይነግርዎትም።

ጥያቄ፦ ኮፓዬ ማፍሰስ ሲጀምር ብሎኖቹን ጨምሬ አጠበቅኋቸው። ባሰበት። ለምን?

እህቴ፣ ይህን የማይሞክር የለም፤ ውጤቱም ሁልጊዜ አንድ ነው። የኮፓው ከንፈር ስስ ላሜራ ነው። ብሎኑ ሲበዛበት በቀዳዳው ዙሪያ ያለው ላሜራ ወደ ላይ ይጎደጉድና በሁለት ብሎኖች መካከል ያለው ክፍል ከካምቢዮው አካል ይላቀቃል። ጓርኒሲዮኑ (በመካከል የሚገባው ማሸጊያ) በብሎኑ ሥር ተጨፍልቆ ወደ ጎን ይወጣል፤ መሐል ላይ ደግሞ የሚጫነው ያጣል። ዘይቱ መንገድ የሚያገኘው እዚያ መሐል ላይ ነው። ያን ጊዜ ብሎኑን መጨመር ጉድጓዱን ማጥለቅ ብቻ ነው።

ኮፓውን አውርጂውና ከንፈሩን ቀጥ ያለ ብረት አስጠግተሽ ወደ ብርሃን እዪው፤ ብርሃን የሚያልፍበት ቦታ ተጣሟል። እያንዳንዱን ቀዳዳ በጠፍጣፋ ብረት ወይም በጠንካራ እንጨት ጠርዝ ላይ አስደግፊና ጉድጓዱን በመዶሻ በቀስታ እየመታሽ መልሺው። ቀስ ብለሽ፣ ደጋግመሽ፣ እየለካሽ። ከዚያ አዲስ ጓርኒሲዮን አድርጊና አምራቹ ባለው ልክ እሰሪ። ኮፓው ከአሉሚኒየም የተቀለጠ ወይም ከፕላስቲክ የተሠራ ከሆነ ግን አይቃናም፤ መቀየር ነው።

ጥያቄ፦ የመኪናዬ መመሪያ ለኮፓ ብሎን 65 ይላል። 65 ኒውተን ሜትር ለትንሽ ብሎን አይበዛም?

ይበዛል፣ መጠራጠርህም አተረፈህ። ያ ቁጥር ኢንች ፓውንድ መሆን አለበት፤ ከቁጥሩ አጠገብ ያለውን መለኪያ ተመልከት። 65 ኢንች ፓውንድ 7.3 ኒውተን ሜትር ብቻ ነው። አንድ ፉት ፓውንድ 12 ኢንች ፓውንድ ነው፤ ሁለቱን ያምታታ ሰው 12 እጥፍ ይስታል። 65ን እንደ ፉት ፓውንድ ብታነብበው 88 ኒውተን ሜትር ይሆናል፤ የኤም 6 ብሎን ወደዚያ ሳይጠጋ ይበጠሳል፣ ወይም የአሉሚኒየሙን ጥርስ ይዞ ይወጣል። የቆዩ የጃፓን መመሪያዎች ደግሞ በኪሎ ግራም ሴንቲሜትር ይጽፋሉ፦ በዚያ አጻጻፍ 75 ማለት 7.4 ኒውተን ሜትር ያህል ነው። የአንዱን መኪና ቁጥር ለሌላ አትውሰድ፤ የካምቢዮውን መለያ ቁጥር ይዘህ የራሱን መመሪያ ፈልግ።

ጥያቄ፦ ጥርሱን ዘይት ቀብቼ ልሰር ወይስ ደረቁን?

መመሪያው ቀባ ካላለ ንጹሕና ደረቅ። ዘይት ፍትጊያውን ስለሚቀንስ፣ ቶርክ ሬንቹ ያንኑ ቁጥር እያሳየ ብሎኑ ከታሰበው በላይ ይለጠጣል። ካምቢዮ ሥር ግን ሁሉም ነገር ዘይት ነውና ማድረቅ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ብሎኖቹን እጠባቸው። ቀዳዳዎቹን በአየር ንፋ፤ ዓይንህን ሸፍን፣ ዘይቱ ወደ ፊትህ ነው የሚመጣው። በተለይ ማዶ ያልተበሳ ቀዳዳ ውስጥ ዘይት ከቀረ፣ ብሎኑ ሲገባ ዘይቱ መሄጃ ያጣና በግፊት የካምቢዮውን አካል ሊሰነጥቅ ይችላል። ደግሞም ብሎኑ ሳይደርስ የደረሰ ያስመስለዋል።

ጥያቄ፦ ቶርክ ሬንቼ ልኩ ሲደርስ የሚያሰማውን ቀጭ ሳይል ብሎኑ ተበጠሰ። መሣሪያው ተበላሽቶ ነው?

ሊሆን ይችላል፤ እኔ ግን በመጀመሪያ የምጠረጥረው የመሣሪያውን መጠን ነው። ከ40 እስከ 200 ኒውተን ሜትር የሚሠራ፣ የጎማ ብሎን ማጥበቂያ ቶርክ ሬንች 8 ኒውተን ሜትርን አያውቃትም። ለኮፓና ለቫልቭ ቦዲ (የዘይቱን ግፊት ለሚያከፋፍለው ክፍል) በሩብ ኢንች ቡሶላ (የብሎኑን ጭንቅላት በሚይዘው ጫፍ) የሚሠራ፣ ከ5 እስከ 25 ኒውተን ሜትር ያለ ትንሽ መሣሪያ ያስፈልጋል። በዝቅተኛ ልክ ላይ ድምፁ ቀጭን ነው፤ አንዳንዴ በእጅ የሚሰማ ትንሽ መንቀጥቀጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ሬዲዮ ዝጉ፣ እጀታውን በተሠራለት ቦታ ያዙ፣ በዝግታ ሳቡ፣ ቀጭ እንዳለ ተዉ። ለማረጋገጥ ብሎ ሁለት ሦስት ጊዜ ቀጭ ቀጭ ማድረግ ከልክ በላይ ማጥበቅ ነው።

ሲጨርሱ ወደ ዝቅተኛው ልኩ መልሰው ያስቀምጡት እንጂ ከዚያ በታች አያላሉት። በ12 ወር አንዴ ወይም ከ5,000 ያህል አጠቃቀም በኋላ ማስለካት የተለመደ ነው።

ጥያቄ፦ ማራዘሚያ ስጨምር ልኩ ይቀየራል?

በቡሶላውና በመሣሪያው መካከል ቀጥ ብሎ የሚቆም ማራዘሚያ ልኩን አይቀይርም። የሚቀይረው ወደ ፊት የሚያስረዝም ክፍት ቁልፍ ነው፤ የዘይት ማቀዝቀዣ ቱቦዎችን ለማሰር የምንጠቀምበት ዓይነት። መሣሪያው ከእጅህ መያዣ እስከ ራሱ 30 ሴንቲሜትር ቢሆንና ቁልፉ 5 ሴንቲሜትር ቢጨምር፣ 35 ኒውተን ሜትር ለማግኘት 30 ላይ ነው የምትሞላው። ወይም ቁልፉን ከመሣሪያው ጋር በ90 ዲግሪ አዙረው፤ ያን ጊዜ ሒሳቡ አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ ብሎን በአየር ቁልፍ ብገፋ ጊዜ አላተርፍም?

ለመፍታት እንኳን አልወደውም። ለማሰር በፍጹም።

ጥያቄ፦ ቫልቭ ቦዲውን አውርጄ አጥቤ መለስኩ፤ አሁን ሁለተኛው ማርሽ እያመታ ነው የሚገባው። ብሎኖቹን ግን በደንብ አጥብቄያለሁ።

ወንድሜ፣ «በደንብ» የሚለው ቃል አስፈራኝ። ቫልቭ ቦዲ የዘይቱን ግፊት ለየፍሪሲዮኑ የሚያከፋፍል የአሉሚኒየም ክፍል ነው፤ ውስጡ በቀዳዳቸው የሚንሸራተቱ ቫልቮች አሉ። በቫልቩና በቀዳዳው መካከል ያለው ክፍተት የሚለካው በመቶኛ ሚሊሜትር ነው። አንዱን ጥግ አጥብቀህ ሌላውን ላላ ስታደርግ ክፍሉ በዓይን በማይታይ መጠን ይጣመማል፤ ያቺ መጣመም ግን ቫልቭን ለማነቅ ትበቃለች። የታነቀ ቫልቭ ግፊቱን አዘግይቶ በአንዴ ይለቀዋል፤ ያመታል የምትለው ይህ ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ በፊት ርዝመታቸውን አስታውስ። የቫልቭ ቦዲ ብሎኖች ጭንቅላታቸው አንድ፣ ርዝመታቸው የተለያየ ነው። ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ከገባ መጨረሻው ጋር ይገጭና ቶርክ ሬንቹ ቀጭ ይላል፤ ክፍሉ ግን አልተያዘም። አጭሩ በረጅሙ ቦታ ከገባ በሁለት ሦስት ጥርስ ይንጠለጠልና ጥርሱን ይነቅላል። ስትፈታ ካርቶን ላይ የክፍሉን ቅርጽ ሥለህ እያንዳንዱን ብሎን በቦታው ውጋው። ይህን ሳታደርግ ከፈታህ የርዝመቱን ሥዕል ከመመሪያው አግኝ፤ ማስታወስ ላይ አትተማመን።

ስትመልስ ሁሉንም በእጅ፣ በቡሶላ ብቻ፣ እስኪነካ አስገባ። ከዚያ ከመሐል ጀምረህ ወደ ውጪ እየዞርህ በግማሽ ልክ፣ ቀጥሎ በሙሉ ልክ። አሁን ያለብህ ሁሉንም በተራ አላልቶ ከመጀመሪያው ማሰር ነው፤ በላዩ ላይ መጨመር አያስተካክለውም። ካልተሻለው ከሥሩ ያለውን መለያ ላሜራና ትንንሽ ኳሶቹን ተመልከት፤ አንዷ ቦታዋን ስታ ከሆነ ምንም ዓይነት ማጥበቅ አይመልሳትም።

ጥያቄ፦ በጓርኒሲዮኑ ላይ ሲሊኮን ልጨምር?

አይ። ሲሊኮን ጓርኒሲዮኑን እንደ ሳሙና ያንሸራትተዋል፤ ሲጠብቅ ወደ ውጪ ይወጣል። ወደ ውስጥ የወጣው ትርፍ ደግሞ ተቆርጦ ፊልትሮ ላይ ይለጠፋል። አምራቹ ጓርኒሲዮን ሳይኖር በሲሊኮን ብቻ የሚያስር ከሆነ እርሱ ሌላ ነው፦ ቀጭን ያልተቋረጠ መስመር፣ ከብሎኑ ቀዳዳ በውስጥ በኩል፣ ከዚያም እስኪደርቅ መታገሥ።

ጥያቄ፦ ጥርሱ በልቶ ብሎኑ ዝም ብሎ ይዞራል። ካምቢዮው ሊጣል ነው?

አይጣልም፣ አይጨነቁ። የተበላውን በመጠኑ ሰፋ አድርጎ በመቦርቦር የሽቦ ጥቅልል ጥርስ ማስገባት ይቻላል፤ በአሉሚኒየም ውስጥ እንዲያውም ከቀድሞው የጠነከረ ይሆናል። ቦርቧሪው ቀጥ ብሎ መግባት አለበት፣ ብናኙም ወደ ውስጥ እንዳይወድቅ ግሪስ መቀባት ይረዳል። ረዘም ያለ ብሎን መሞከር የሚቻለው ቀዳዳው ውስጥ ያልተነካ ጥርስ መኖሩን ለክተው ሲያረጋግጡ ብቻ ነው። ወፍራም ብሎን በግድ ማስገባት ግን የሚጠገነውን ወደማይጠገን መቀየር ነው።

ጥያቄ፦ የዘይት መለኪያ ዘንግ የሌለው ካምቢዮ ላይ ስንት ቡሽ (የዘይት ቀዳዳ መዝጊያ) ነው ያለው? የቱን ነው በስንት የማስረው?

መጀመሪያ የመሙያውን ቡሽ ፍታ፤ እርሱ እንቢ ካለ ዘይቱን ሳታፈስስ ማወቅ ይሻልሃል። በብዙዎቹ ላይ የታችኛው ቡሽ ሲወጣ ከውስጥ አጭር የፕላስቲክ ቱቦ ይታያል። የዘይቱን ከፍታ የሚወስነው እርሱ ነው፦ ሞተሩ እየሠራ፣ ዘይቱ አምራቹ በሚለው ሙቀት ሲደርስ፣ ትርፉ በቱቦው ይወርዳል። ይህ ቱቦ የሚጠብቀው በጣም በትንሹ ነው፤ በአንዳንድ የቶዮታ ካምቢዮዎች 2 ኒውተን ሜትር እንኳን አይሞላም። ከውጪ ያለው ቡሽ ደግሞ ከዚህ ብዙ እጥፍ ይጠብቃል። ሁለቱ በአንድ ቀዳዳ ስላሉ ሰዎች በአንድ ልክ ያስሯቸዋል፤ ቱቦውም ይሰነጠቃል፣ ከዚያ የዘይቱ ከፍታ ሁልጊዜ የተሳሳተ ይሆናል። የቡሹን ሮንዴላ በየጊዜው አዲስ አድርግ፤ አንዴ የተጨፈለቀ ሮንዴላ ድጋሚ አይዘጋም።

ጥያቄ፦ ካምቢዮውን ከሞተሩ ጋር ስገጥም አንድ ጣት ያህል ክፍተት ቀረ። በብሎኖቹ ስቤ ላገናኘው?

አቁም! እዚህ ላይ ነው የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው። ክፍተት የቀረው ቶርክ ኮንቨርተሩ (የሞተሩን ኃይል በዘይት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈው ክፍል) በካምቢዮው የዘይት ፓምፕ ላይ ሙሉ በሙሉ ስላልተቀመጠ ነው። በብሎን ስትስበው ፓምፑን ትሰብራለህ፤ ሞተሩ እንደተነሳ ድምፁን ትሰማለህ፣ ሥራውም ከዜሮ ይጀመራል። ካምቢዮውን መልሰህ አውጣ፣ ኮንቨርተሩን እየገፋህ አዙረው፤ ደረጃ በደረጃ ጠልቆ ሲገባ ይሰማሃል። በትክክል ሲቀመጥ ሁለቱ አካላት ያለ ብሎን በእጅ ግፊት ይገናኛሉ፤ ኮንቨርተሩም በነፃነት ይዞራል፣ ከቮላኖው (ከሞተሩ ጋር ከሚዞረው ሳህን) ጋርም ጥቂት ሚሊሜትር ይራራቃል።

ከዚያ የኮንቨርተሩን ብሎኖች ሁሉንም በእጅ ካስገባህ በኋላ ነው አንዱን እንኳን በልክ የምታጠብቀው። ብሎኖቹ የራሱ ይሁኑ፤ ትንሽ የረዘመ ብሎን የኮንቨርተሩን ፊት ወደ ውስጥ ያሳብጠዋል፣ የመቆለፊያው ፍሪሲዮን የሚያርፈውም በዚያው ፊት ውስጠኛ ገጽ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ አሮጌዎቹን ብሎኖች መልሼ ብጠቀምስ?

ተራ የብረት ብሎን ጥርሱ ደኅና ከሆነ ይመለሳል። በልክ ከጠበቁ በኋላ በተወሰነ ዲግሪ የሚዞሩ ብሎኖች፣ እንዲሁም በአንዳንድ የቢኤምደብሊው መኪናዎች ላይ ያሉት የአሉሚኒየም ብሎኖች ግን ለአንድ ጊዜ ብቻ ናቸው። በአሉሚኒየሙ ፋንታ የብረት ብሎን ማስገባትም አይሆንም፤ ከማግኒዚየም በተሠራ አካል ላይ ብረት ዝገትን ይጠራል።

ጥያቄ፦ ከሳምንት በኋላ ብሎኖቹን ደግሜ ላጥብቅ?

በጓርኒሲዮኑ ይወሰናል። ከቡሽ (ከዛፍ ልጣጭ) የተሠራ ጓርኒሲዮን ሙቀት ሲያየው ስለሚሟሽሽ፣ ካምቢዮው ሲቀዘቅዝ አንድ ጊዜ በዚያው ልክ መፈተሽ ተገቢ ነው። የጎማው፣ በተለይ በውስጡ ብረት ያለው፣ አይነካ። የኮፓውን ዙሪያ በጨርቅ አድርቀሽ ጥቂት ከነዳሽ በኋላ በነጭ ወረቀት ዳብሺው፤ ወረቀቱ ንጹሕ ከሆነ ቁልፉን አስቀምጪ። ቀይ ዘይት ከነካው ግን ፍለጋውን ከላይ ጀምሪ፤ ዘይት ወደ ታች ስለሚወርድ ኮፓው ላይ የታየው ከማቀዝቀዣው ቱቦ ወይም ከማርሽ መቀየሪያው ዘንግ የመጣ ሊሆን ይችላል።