«ጨርቃም» አላልኩትም፣ «ኤዲያ» ነው ያልኩት

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ባሕር ዳር ባጃጅ ነው የምሠራው። ባለፈው አንድ ሾፌር ተራዬን ሲገባብኝ ተናድጄ «ኤዲያ! አንተ ደግሞ ሰው ሆነህ ነው?» አልኩት። ጓደኛዬ ማቴዎስ 5፥22ን፣ ወንድሙን «ጨርቃም» ወይም «ደንቆሮ» የሚል ፍርድ ይገባዋል የሚለውን፣ ጠቅሶ ገሠጸኝ። እኔ ግን ጨርቃምም ደንቆሮም አላልኩትም። ጥቅሱ እኔን ይመለከታል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በደንብ ይመለከትሃል። ስንቱ ሰው ነው ይህን ጥቅስ የተከለከሉ ቃላት ዝርዝር አድርጎ የያዘው! ሁለቱ ቃላት ካፉ ካልወጡ ነጻ የወጣ ይመስለዋል።

አማርኛው «ጨርቃም» ያለው በግሪኩ ወንጌል «ራቃ» ነው። ቃሉ የአራማይክ ነው፣ ሳይተረጎም እንዳለ ገባ። ሥሩ «ባዶ» ማለት ነው። በእኛ ግን ጨርቅ የለበሰው ድኻ ስድብ ሆኖ ተገኘ (በየደጀ ሰላሙ ለተቀመጡት ወገኖቻችን ያሳዝናል)። የአንጾኪያው ሰው ዮሐንስ አፈወርቅ ራቃ ከባድ ስድብ አይደለም ይላል። ሎሌን ስናዝ «አንተ ሂድ፣ አንተ ለእገሌ ንገር» እንደምንለው ያለ ነው፣ ሶርያውያን በ«አንተ» ፋንታ ይሉታል ይላል። አየህ? በአንዲት «አንተ»!

ለጎጃም ሰው ይህ ማብራሪያ አያሻውም። አንድ ቀን ጣና ዳር ቆሜ፣ አንድ ጎረምሳ ከሞተር ጀልባ ላይ ሆኖ በታንኳ እንጨት የጫኑ ሽማግሌን «አንተ! ዞር በል!» ሲላቸው ሰማሁ። ሌላ ቃል አልጨመረም። እሳቸው ቀና ብለው እንኳ ሳያዩት ታንኳቸውን ቀስ አድርገው ወደ ደንገሉ አዞሩ። ራቃ ማለት ያ ነው።

ደግሞስ ጌታ ራሱ ጻፎችንና ፈሪሳውያንን «እናንተ ደንቆሮዎችና ዕውሮች» ብሏቸው የለ? (ማቴ 23፥17)። ነገሩ የቃል ቢሆን ምን ልንል ነው? እሱ እንዲነቁ ፈልጎ ተቆጣ። አንተ ግን «ሰው ሆነህ ነው?» ስትል ሰውነቱን ነው የካድከው፤ ባዶ ነህ ማለት ከዚህ ምን ይለያል? «ኤዲያ»ህ እንኳ ቢቀር፣ በንቀት ከንፈር መምጠጥህ ይበቃ ነበር።

ንስሐ አባትህ ጋ መሄዱን አንተም አታጣውም። ጌታ ግን መባህን መሠዊያው ፊት ትተህ መጀመሪያ ከወንድምህ ታረቅ ይላል (5፥24)። ሰውዬው ሩቅ አይደለም፣ ነገ ጠዋት እዚያው ተራ ላይ ታገኘዋለህ። ተራህን ልቀቅለት። በስሙ ጥራው። ስሙን ካላወቅኸውም ጠይቀው።