ለጥያቄዎ መልስ፦ የዳኛው ልጅና የሾርትሃንድ መኪናው

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ አባላት፣ በደብረ ብርሃን ከተማ በችሎት ጸሐፊነት የማገለግል አንባቢያችሁ ነኝ። ምስክር ቆሞ ሲናገር ቃሉን በእጅ ጽሑፍ መከተል ምን ያህል እንደሚያደክም ሥራውን የሠራበት ሰው ያውቀዋል፤ ምስክሩን «እስቲ ቀስ ይበሉ» ሲሉት ደግሞ ሐሳቡ ይበተንበታል። በውጭ አገር ፍርድ ቤቶች ጥቂት ቁልፎች ብቻ ባሏት ትንሽ መኪና ከተናጋሪው እኩል የሚጽፉ ባለሙያዎች መኖራቸውን በቴሌቪዥን አይቻለሁ። እንዲህ ያለውን መኪና ቀድሞ ከሠሩት ሰዎች አንዱ የመኳንንት ልጅ እንደ ነበረ፣ ሲሞት ግን ምንም ያልነበረው ድሃ እንደ ነበረ ሰምቻለሁ። ይህ ሰው ማን ነው? ከምን ዓይነት ቤተሰብ ተወለደ? እንዴትስ ለድህነት በቃ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የሰሙት የጀርመናዊው የካርል ድራይስ ታሪክ ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን እናስቀድምና፣ ድራይስ የተወለደው በ1785 ዓ.ም. በደቡብ ምዕራብ ጀርመን፣ የባደን ግዛት መናገሻ በነበረችው በካርልስሩህ ከተማ ነው። አባቱ የባሮን ማዕረግ የነበራቸውና ኋላም የግዛቱ ከፍተኛ ዳኛ እስከ መሆን የደረሱ የሕግ ሰው ሲሆኑ፣ ሕፃኑን በክርስትና አባትነት የተቀበሉት የባደን ገዥ ካርል ፍሪድሪሽ ራሳቸው ነበሩ። እንግዲህ ልጁ ገና ከመወለዱ ጀምሮ የቤተ መንግሥቱ በር ተከፍቶለት ነበር ማለት ይቻላል። እናቱ ግን ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ በ1799 ዓ.ም. ሞተውበታል።

ቤተሰቡ ልጁን የመራው ወደ ደን አስተዳደር ሙያ ነው። በዚያ ዘመን የደን ሹምነት ለመኳንንት ልጆች የሚገባ የተከበረ ሥራ ነበረና፣ በመጀመሪያ አጎቱ በሚመሩት የደን ትምህርት ቤት ተማረ፤ ቀጥሎም በሐይደልበርግ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ፣ ፊዚክስና የሕንፃ ጥበብ አጠና። ከዚያ በደን ሹምነት ቢቀጠርም ልቡ ከዛፍ ይልቅ በመኪና ላይ ስለ ነበር ብዙ ሳይቆይ ከሥራው ነጻ ተደረገ፤ ደመወዙ ግን አልተቋረጠበትም። ይህን ዕድል የአባቱ ስም ሳያግዝ አገኘው ብሎ ማመን ይከብዳል። ለማንኛውም በሥራ ያልተያዘበትን ጊዜ በከንቱ አላሳለፈውም፤ በ1812 ዓ.ም. ፒያኖ ሲመታ ዜማውን በወረቀት ላይ የሚመዘግብ መሣሪያ ሠራ። በጣት የሚመታን ነገር ወደ ጽሑፍ የመለወጥ ሐሳብ በአእምሮው ያደረው ከዚያን ጊዜ ጀምሮ መሆኑን ልብ ይበሉ።

ስሙን በዓለም ያስጠራው ግን ሌላ ሥራ ነው። ሰኔ 12 ቀን 1817 ዓ.ም. ሁለት መንኮራኩሮች ፊትና ኋላ ሆነው በተገጠሙላት፣ ፔዳል በሌላት የእንጨት መኪና ላይ ተቀምጦ መሬቱን በእግሩ እየገፋ ከማንሃይም ተነሣና፣ ደርሶ መልስ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን መንገድ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ጨረሰ። የብስክሌት ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ነው። በተከታዩ ዓመት የባደን መንግሥት ለፈጠራው የባለቤትነት መብት ሰጠው፤ የመካኒክስ ፕሮፌሰር የሚል ማዕረግም ከጡረታ አበል ጋር ጨመረለት።

የአባቱ ሥልጣን እስከዚህ ድረስ ረዳው፤ ከዚህ በኋላ ግን ጦሱ ለእሱ ተረፈ። በመጋቢት 1819 ዓ.ም. ካርል ሉድቪግ ዛንድ የሚባል ተማሪ አውጉስት ፎን ኮትሰቡ የተባለውን ጸሐፊ ተውኔት በማንሃይም ወግቶ ገደለ። ኮትሰቡ የነጻነት ጠላት ነው ብለው ያምኑ ለነበሩት ተማሪዎች ዛንድ እንደ ሰማዕት ነበር። ሞት ሲፈረድበት የግዛቱ ከፍተኛ ዳኛ የነበሩት የድራይስ አባት ምሕረት ይደረግለት ብለው አልለመኑምና፣ በግንቦት 1820 ዓ.ም. አንገቱ ተቀላ። የተማሪዎቹ ቁጣ በአባትየው ብቻ አላበቃም፤ ልጁንም በሄደበት እየተከተሉ መግቢያና መውጫ አሳጡት። እንዲህ ያለው ቂም ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ያላየ አገር የለምና ለእኛም አንባቢ እንግዳ አይሆንም። በ1822 ዓ.ም. ወደ ብራዚል ተሻግሮ በጌኦርግ ፎን ላንግስዶርፍ የእርሻ መሬት ላይ በመሬት ቀያሽነት ሲሠራ ቆየ፤ የተመለሰውም በ1827 ዓ.ም. ነው።

አሁን ወደ ጠየቁን መኪና እንድረስ። ድራይስ ወደ ብራዚል ከመሄዱ በፊት፣ በ1821 ዓ.ም.፣ 25 ቁልፎች ያሉት የጽሕፈት መኪና ሠርቶ ነበር። ከተመለሰ በኋላ ይህንኑ አሻሽሎ የቁልፎቹን ቁጥር ወደ 16 ዝቅ አደረገና፣ ንግግርን ለመከታተል የሚያስችል፣ በጠባብ የወረቀት ጥብጣብ ላይ ምልክት የሚያሳርፍ መኪና አወጣ። ቁልፎቹን ማሳነሱ ኋላ መሄድ ቢመስልም የሥራው ምስጢር እዚያ ላይ ነው፤ ጣት ከቁልፍ ቁልፍ እየዘለለ የሚያባክነው ጊዜ ሲቀንስ ምልክቱ ይበዛል። ጥብጣቡ ላይ የሰፈረውን ምልክት ኋላ ተረጋግቶ ወደ ሙሉ ጽሑፍ መገልበጥ ይቻላል። እርስዎ በቴሌቪዥን ያዩት ባለሙያ የሚሠራውም በዚሁ መንገድ ነው። በዚያው ዘመን በእኛ በኩል ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በአንኮበርና በአንጎለላ ዙፋን ላይ ነበሩ፤ ባለጉዳዩ «በላ ልበልሃ» እያለ በቃል ሲሟገት ክርክሩን ቃል በቃል የሚይዘው የሰሚው ጆሮ እንጂ ብራና አልነበረም።

መኪናው ግን ለሠሪው እንጀራ አልሆነውም። አባቱ በ1830 ዓ.ም. ሲሞቱ ከለላው ተነሣ፤ በ1830ዎቹ መጨረሻ ላይ ከግድያ ሙከራ ተርፎ በኦደንቫልድ ተራሮች ወደምትገኘው ወደ ቫልድካትሰንባኽ መንደር ገባና እስከ 1845 ዓ.ም. እዚያው ተቀመጠ። እዚያም ሆኖ እጁን አላጠፈም፤ በባቡር ሐዲድ ላይ በእግር ኃይል የምትሄድ አነስተኛ ጋሪ የሠራው በዚህ ጊዜ ነው።

ለድህነት ያበቃው እርምጃ የመጣው በ1849 ዓ.ም. ነው። በባደን ሕዝባዊ አብዮት ሲነሣ፣ የከፍተኛው ዳኛ ልጅና የገዥው የክርስትና ልጅ የባሮንነት ማዕረጉን በገዛ ፈቃዱ ጥሎ ራሱን «ዜጋ ካርል ድራይስ» ብሎ በአደባባይ አስታወቀ። አብዮቱን የፕሩሲያ ጦር ሲደመስሰው የንጉሣዊው ወገን ሰዎች ዕብድ ነው አሰኝተው ሊያስዘጉበት ሞከሩ፤ ይህ ባይሳካላቸውም የጡረታ አበሉ ለአብዮቱ ኪሣራ ማካካሻ ተብሎ ተወረሰ። «እንዴት ለድህነት በቃ» ላሉት ጥያቄ ቀጥተኛው መልስ ይኸው ነው፤ የሚኖርበት ገቢ ከመንግሥት የሚሰጠው አበል ነበርና አበሉ ሲቋረጥ ባዶ እጁን ቀረ። የሰከረና የተበላሸ ሰው ነበር እያሉ የሚጽፉ አሉ፤ እኛ ግን ሰውየው ለድህነት የዳረገውን አቋም የወሰደው ዐውቆ ነው እንላለን። ታኅሣሥ 10 ቀን 1851 ዓ.ም. በተወለደባት በካርልስሩህ ዐረፈ። በ1893 ዓ.ም. በዚያችው ከተማ ሐውልት ሲቆምለት ያስታወሱት ብስክሌተኞች ነበሩ፤ የሾርትሃንድ ባለሙያዎች አላስታወሱትም።

የእርስዎ ሙያ መኪና ፍሬ ያፈራው በሌሎች እጅ ነው። በጣሊያን ፒዬሞንቴ አስተማሪ የነበረው አንቶኒዮ ሚኬላ ዙኮ ፒያኖ የመሰለ ባለ 20 ቁልፍ መኪና ሠርቶ፣ ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ የጣሊያን የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ንግግሮች በእሱ ዘዴ ይመዘገባሉ። በአሜሪካ ማይልስ ባርቶሎሚው በ1879 ዓ.ም. የባለቤትነት መብት ሲያገኝ፣ በ1910ሮቹ ዎርድ ስቶን አየርላንድ ብዙ ቁልፎችን በአንድ ጊዜ መጫን የሚያስችለውን ስቴኖታይፕ አወጣ። ሁለቱም እንደ እርስዎ የችሎት ጸሐፊዎች ነበሩ።

ጥያቄ፦ ከመንዝ፣ መሐል ሜዳ ነው የምጽፈው፤ መምህር ነኝ። 231 ፊደላት ላሉት ለአማርኛ እንዲህ ያለች ጥቂት ቁልፍ ያላት መኪና ልትሠራ ትችላለች?

መልስ፦ ትችላለች፤ እንዲያውም ፊደላችን ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ከላቲኑ ይልቅ የሚመች ይመስለናል። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛን ታይፕ ሲያዘጋጁ የገጠማቸው ችግር ፊደሉን በሙሉ ቅርፁ ማተም ነበር፤ የሾርትሃንድ መኪና ግን የሚመዘግበው ድምፅን ብቻ ስለ ሆነ ቅርፁ አያሳስበውም።

ሒሳቡን መምህር ስለ ሆኑ ራስዎ ያረጋግጡት። ሦስት ቁልፎችን ለየብቻ፣ ሁለት ሁለቱን ወይም ሦስቱንም በአንድነት ሲጫኑ የሚገኙት ጥምረቶች በትክክል ሰባት ናቸው፤ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉት ሰባቱ ሆሄያት በቀኝ እጅ ሦስት ጣቶች ያልቃሉ። በግራ እጅ አምስት ጣቶች ሥር ካሉ አምስት ቁልፎች ደግሞ 31 ጥምረቶች ይወጣሉ። የፊደል ገበታው 33 ቢሆንም በጆሮ የማይለዩትን፣ ማለትም ሀ፣ ሐ፣ ኀና ኸን እንደ አንድ፣ እንዲሁም ሰንና ሠን፣ አንና ዐን፣ ጸንና ፀን እንደ አንድ አንድ ብንቆጥር የሚቀሩት 27 ናቸው። ስለዚህ ስምንት ቁልፍ፣ የድራይስ መኪና ከነበራት ግማሹ፣ ይበቃል። «ከሳሽ» የሚለውን ቃል ለመጻፍ ሦስት ምት ነው የሚያስፈልገው፤ ግራው ከን ሲይዝ ቀኙ ግዕዝን፣ ግራው ሰን ሲይዝ ቀኙ ራብዕን፣ ግራው ሸን ሲይዝ ቀኙ ሳድስን በአንድነት ይጫናል። ለቋ፣ ለኳና ለመሳሰሉት ግን በግራ የሚተርፉት አራት ጥምረቶች ስለማይበቁ ዘጠነኛ ቁልፍ ቢጨመር ይመረጣል።

ችግሩ የሚመጣው ሲገለበጥ ነው። መኪናዋ የሰማችውን «አቃቤ ህግ» ብላ ታስቀምጣለች፤ በመዝገቡ ላይ «ዐቃቤ ሕግ» ተብሎ እንዲወጣ ከተፈለገ ወይ ጸሐፊው ያርመዋል፣ ወይም ቃላቱ አስቀድመው በኮምፒውተር መዝገበ ቃላት ውስጥ መግባት አለባቸው። በሌላው ዓለም ያሉት የዛሬ ስቴኖታይፖችም ከኮምፒውተር ጋር ተያይዘው የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። የሰውና የቦታ ስም ግን መዝገበ ቃላቱ ውስጥ ስለማይገኝ፣ ምስክሩ ስሙንና አድራሻውን ሲያስመዘግብ አጻጻፉን እዚያው ጠይቆ መያዝ የጸሐፊው ሥራ ሆኖ ይቀጥላል።