«በቂ ምግብ ታገኛላችሁ?» ለተባለ ተማሪ ምን መልስ ይኑረው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ በደሴ ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ። ዘንድሮ ከ10ኛና ከ11ኛ ክፍል የተውጣጡ 22 ተማሪዎችን ይዤ፣ ጀርመን አገር ካለ አንድ ትምህርት ቤት ጋር በኢንተርኔት የባህል ልውውጥ ጀምረናል። የመጀመሪያው ቀጠሯችን ሳይሳካ ቀረ፤ እኔ «9 ሰዓት» ብዬ ስጽፍ የእኛን የከሰዓት በኋላውን ማለቴ ሲሆን፣ እነሱ ግን ገና በማለዳ ተሰብስበው ሲጠብቁን ቆይተው ኖሯል። በሁለተኛው ቀጠሮ ተገናኘን። ምስሉ እየቆመ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ ለ20 ደቂቃ ያህል ከተነጋገርን በኋላ አንዲት ጀርመናዊት ተማሪ ከልጆቼ አንዱን «በቂ ምግብ ታገኛላችሁ?» ብላ ጠየቀችው። ልጁ ምንም ሳይመልስ ከወንበሩ ተነሥቶ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ተማሪዎቼ ሁለት ወገን ሆነዋል። ግማሾቹ ግንኙነቱ ይቅርብን ይላሉ፤ ግማሾቹ ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ የባህል ልብስ ለብሰን፣ ድግስ ደግሰን፣ እስክስታ ወርደን እናሳያቸው ባይ ናቸው። ምን ትመክሩኛላችሁ?
መምህሩ፣ ከደሴ

መልስ፦ ውድ መምህር፣ የሰዓቱና የኔትወርኩ ጉዳይ መላ አያጣም፤ ከወንበሩ ስለተነሣው ልጅ እናስቀድም። የልጁ መከፋት ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ጥያቄውን ያመጣው ንቀት ነው ብለን አናምንም። በጥቅምት 1977 ዓ.ም.፣ ያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ከነበረችው ከኮረም የተቀረጸው የርሃብ ምስል በመላው አውሮፓ በየቤቱ ታይቷል። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር ደግሞ በለንደንና በፊላደልፊያ በአንድ ቀን የተካሄደው ላይቭ ኤይድ የተባለው የሙዚቃ ዝግጅት ያንኑ ምስል ይበልጥ አሰራጨው። የልጅቱ ወላጆች በዚያን ዘመን ልጆች የነበሩ ሰዎች ሳይሆኑ አይቀሩም። የኢትዮጵያ ስም ብዙ አውሮፓዊ ቤት የገባው በዚያ ምስል በኩል ነው፤ ልጅቱም የጠየቀችው ከቤቷ የሰማችውን ነው።

ድግሱን የማንደግፈውም ለዚህ ነው። ለተጠየቀ ጥያቄ በእስክስታ መመለስ ጥያቄውን መሸሽ ነው፤ መሸሻቸውንም ተማሪዎቹ ራሳቸው ያውቁታል። ወሎ ተርቦ ያውቃል። የ66ቱን ያየ፣ የ77ቱን ያሳለፈ ሰው በደሴ በየሰፈሩ አለ፤ ምናልባት ተነሥቶ የወጣው ልጅ አያትም ከእነዚህ አንዷ ይሆናሉ። እያንዳንዱ ተማሪ ቤቱ ገብቶ ከአንድ ትልቅ ሰው አጠገብ ይቀመጥና ይጠይቅ፦ በ77 የት ነበሩ? ምን በሉ? ማን አካፈላችሁ? ከጎረቤት በሰፈራ ወደ ወለጋ ወይም ወደ ኢሉባቦር ተወስዶ በዚያው የቀረ አለ? ሽማግሌው ወይም አሮጊቷ ከፈቀዱ፣ ሁለት ደቂቃ ያህሉን በስልክ ይቅረጽ፤ ከዚያም ራሱ ወደ እንግሊዝኛ ይተርጉመው።

እንደ እንግሊዝኛ መምህርነትዎ ይህ ሥራ ደስ ያሰኝዎታል ብለን እናስባለን። «መንገድ ላይ ጠኔ ጣላቸው» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ከቅጂው ቢወጣ፣ «ጠኔ»ን ተማሪው በምን ይተረጉመዋል? ርሃብ ቢለው ይጎድላል፤ ድካም ቢለውም ይጎድላል። ጉልበት ከድቶ፣ ዓይን ጨልሞ፣ ሰው በቆመበት የሚወድቅበትን ነገር በአንድ ቃል የሚያቀብለው መዝገበ ቃላት ስለማያገኝ ሦስት መስመር ለመጻፍ ይገደዳል። እነዚያን ሦስት መስመሮች ያነበበች ጀርመናዊት ልጅ፣ አርባ ዓመት ካለፈው ፊልም ያላገኘችውን ነገር ታገኛለች።

ተማሪዎቹ መከራውን ብቻ ሳይሆን ምክንያቱንም መናገር መቻል አለባቸው። ድርቅ የሰማይ ነው፤ ርሃቡ ግን የሰው እጅም አለበት። በ1965 እና በ1966 የወሎ ገበሬ ሲያልቅ መንግሥት ጉዳዩን ለመሸፈን መሞከሩ፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ለወረደው ዘውዳዊ አገዛዝ ውድቀት ከምክንያቶቹ አንዱ ነበር። ይህን ማስረዳት የሚችል የ11ኛ ክፍል ተማሪ ስለ ርሃብ ሲጠየቅ አንገቱን የሚደፋበት ምክንያት የለውም።

ቀጥሎ ጥያቄው ወደ እነሱም ይዙር። ልውውጥ ከተባለ አንዱ ጠያቂ፣ ሌላው ሁልጊዜ ተጠያቂ ሊሆን አይገባም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በእነሱ አቆጣጠር ከ1946 ወደ 1947 በተሻገረው ብርዳማ ወቅት፣ ጀርመን ክፉኛ ተርባለች። ከ1946 ጀምሮ «ኬር» የሚባል የአሜሪካ ድርጅት የላከው በካርቶን የታሸገ ምግብ ለብዙ ቤተሰብ ደርሷል። የእኛ አያቶች የእርዳታ ስንዴን እንደሚያስታውሱ ሁሉ፣ እዚያም ያንን ካርቶን የሚያስታውሱ አዛውንት አሉ። ልጅቱ ከእነዚያ አንዱን ጠይቃ ሁለት ደቂቃ ትቅረጽ። ሁለቱ ቅጂዎች ጎን ለጎን ከተደመጡ በኋላ የሚደረገው ውይይት፣ በእኛ እምነት፣ ከአሥር የባህል ትርኢት ይበልጣል።

ይህ ማለት ሙዚቃና በዓል አይነሣ ማለት አይደለም። ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የእናንተው የወሎ ከተማና ተራራ ስም ናቸው። ክራር የሚመታ ተማሪ ካለ ሁለቱን ለየብቻ ይቅረጽና፣ የጀርመን ተማሪዎች ልዩነቱን በጆሯቸው እንዲለዩ ይጠይቅ። ሙስሊምና ክርስቲያን ዘመድ በሚታደምበት የወሎ ሠርግ ለምን ለየብቻ እንደሚታረድና ከዚያ በኋላ እንዴት በአንድ ዳስ እንደሚበላ የሚያስረዳ አንድ ገጽም እጅግ ጠቃሚ ነው።

የሰዓቱን ስሕተት ትምህርት ያድርጉት። እኛ ከንጋት የምንቆጥረው፣ በደሴ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙም ሳትርቅ ስለምትወጣ ነው። በበርሊን ግን በእነሱ ሰዓት በታኅሣሥ ከ8 ሰዓት በኋላ፣ በሰኔ ከ5 ሰዓት በፊት ስለምትወጣ ከንጋት መቁጠር አይቻላቸውም። ሁለቱ ክፍሎች ለአንድ ወር የፀሐይ መውጫን መዝግበው ቢለዋወጡ ይህ ራሱ ይገለጥላቸዋል። ለቀጠሮ ግን ምንጊዜም ሁለቱንም ሰዓት ይጻፉ፤ እነሱ በማርችና በኦክቶበር የመጨረሻ እሑዶች ሰዓታቸውን ስለሚቀይሩ፣ በበጋቸው በአንድ ሰዓት፣ በብርዳቸው ወራት በሁለት ሰዓት ከእኛ ይዘገያሉ። «ክረምት» የሚለውን ቃልም ይጠንቀቁ፤ እኛ ሐምሌና ነሐሴን ስናስብ እነሱ በረዶ ያስባሉ።

ኔትወርኩን በተመለከተ፣ የአንድ ሰዓት የቡድን ቪዲዮ አንድ ጊጋባይትና ከዚያም በላይ ሊበላ ይችላል፤ የሁለት ደቂቃ ድምፅ ግን ከጥቂት ሜጋባይት አያልፍም። ስለዚህ ዋናው ሥራ በተቀዳ ድምፅና በጽሑፍ ይሁን፤ መብራት ቢጠፋም ቀጠሮ አይፈርስም። በቪዲዮ መገናኘት በወር አንድ ጊዜ ይበቃል። አይ-አርን የተባለው የትምህርት ቤቶች መረብ በኒው ዮርክና በሞስኮ ተማሪዎች መካከል ሲጀመር ጊዜው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 1988 ነበር፤ ያኔ የዛሬው ፈጣን ኢንተርኔት አልነበረም።

ያ ልጅ ግን ሳይጠራ አይቅር። በክፍል ፊት ሳይሆን ለብቻው ያነጋግሩት፤ የመጀመሪያውን ቅጂ እሱ እንዲያመጣም ይጠይቁት። እምቢ ካለ አያስገድዱት።

ጥያቄ፦ የ16 ዓመት ልጄ በትምህርት ቤቷ በኩል ከውጭ አገር ተማሪዎች ጋር ትጻጻፋለች። ሰሞኑን አንዱ ተማሪ ፎቶዋንና የግል የቴሌግራም አድራሻዋን እንደጠየቃት ነገረችኝ። ላስቁማት ወይ?
እናት፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ ውድ እናት፣ ልጅዎ ይህን ለእርስዎ መንገሯ ትልቅ ነገር ነውና፣ በመንገሯ የምትቀጣ እንዳይመስላት ይጠንቀቁ። ማስቆም አያስፈልግም፤ ነገር ግን ግንኙነቱ ሁሉ መምህራኑ በሚያዩት የጋራ ቡድን ውስጥ ብቻ መሆን ይኖርበታል። የግል አድራሻ፣ የቤት ሰፈር፣ ለብቻ የተነሣችው ፎቶ አይሰጥ። «ትምህርት ቤታችን አይፈቅድም» የሚለው መልስ ማንንም የማያስቀይም ስለሆነ ይህንኑ ትጻፍለት። እርስዎም ነገ ወደ ትምህርት ቤቱ ይሂዱና ኃላፊ የሆነውን መምህር ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ቡድኑን የሚቆጣጠረው ማን ነው፣ የተቀዳው ድምፅና ምስል የት ይቀመጣል፣ የወላጅ የፈቃድ ፊርማስ ለምን አልተጠየቅንም? መምህሩ ጥያቄው ከሌሎች ወላጆችም እንደሚመጣ ያውቅ ዘንድ፣ ከተቻለ ከአንድ ሌላ ወላጅ ጋር አብረው ቢሄዱ ይሻላል።