ቤት አሰናድቶ ለገዢ ማቅረብ ጅማ ላይ እንጀራ ይሆናል?

ጥያቄሽ በአጭሩ ይህ ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በኮንስትራክሽን ተመርቀሽ ሥራ እየፈለግሽ ነው። አጎትሽ የቤት ደላላ ናቸው፤ ቤት ለማሳየት ሲሄዱ አብረሽ ትሄጃለሽ። ገዢው ገና ሳሎን ሲገባ ፊቱ ሲቀየር በተደጋጋሚ አይተሻል። ውጭ አገር የሚሸጥ ቤት በባለሙያ እንደሚዘጋጅ በስልክሽ ተመልክተሽ «እኔስ ለምን አልሠራውም?» አልሽ። እናትሽ ግን «የሰው ቤት ለማጽዳት ነው እንዴ የተማርሽው?» አሉሽ።

እህቴ፣ ሥራው ይሆናል። ነገር ግን መጀመሪያ ላይ ብቻውን እንጀራ አይሆንሽም።

አሜሪካ ውስጥ ይህ ራሱን የቻለ ሙያ ከሆነ ቆይቷል። ለባዶ ቤት ሶፋና ጠረጴዛ በኪራይ ያስገባሉ። የባለቤቱን ፎቶዎች ከግድግዳ ያወርዳሉ። ገዢው «እዚህ ብኖርስ» ብሎ እንዲያስብ ነው። ይህንን እንዳለ ጅማ ብታመጪው ግን አይሄድልሽም። እኛ ጋ ገዢው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ካርታው፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ውሃና መብራቱ ነው። ትራስ አይቶ ዋጋ አይጨምርም። ዋጋ የሚያስቀንሰውን ነገር ግን ዓይኑ ቶሎ ይለቅመዋል። ያንቺ ሥራ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ጅማ ላይ ደግሞ ዋናው ጠላት እርጥበት ነው። ዝናቡን ታውቂዋለሽ። ከግድግዳው ሥር ቀለሙ አብጦ ይላጣል፤ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ይወጣል። ቁም ሳጥኑ ከተጠጋበት ጥግ የሻጋታ ሽታ ይመጣል። ብዙ ሻጭ እዚያው ላይ አዲስ ቀለም ያስቀባና ገዢ ይጠራል። እርጥብ ግድግዳ ቀለም አይዝም፤ ብዙም ሳይቆይ መልሶ ያብጣል። አንቺ ግን የተማርሽው ይህን ነው። መጀመሪያ ወደ ጣራው ቀና በይ፦ አሸንዳው ተቀድዶ ይሆናል። ቀጥለሽ ከውጭ በኩል የግድግዳውን ሥር እዪ። አፈሩ ከወለሉ በላይ ተቆልሎ ከሆነ ይጠረግ፤ ለውሃው መሄጃ ቦይ ይቆፈርለት። ግድግዳው ሲደርቅ የላላው ተፍቆ ጄሶ ይመታል፤ ቀለም የመጨረሻው ነው። ተራ ቀለም ቀቢ ይህን ቅደም ተከተል አያስረዳም። አንቺ ለባለቤቱ ማስረዳት ከቻልሽ «አጽጂ» የሚልሽ አይኖርም።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምነግርሽ ነገር አለ። የተሰነጠቀ ግድግዳ በቡፌ እንድትከልዪ፣ የሚያፈስ ኮርኒስ ቀለም ቀብተሽ እንድታሳልፊ የሚጠይቅሽ ሻጭ ይመጣል። እምቢ በዪው። ሻጭ ለተደበቀ ጉድለት ሊጠየቅ እንደሚችል የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ይደነግጋል። ከሕጉም በላይ ግን ጅማ ሰው የሚተዋወቅባት ከተማ ናት። አንድ ገዢ «አታለለችኝ» ካለ ወሬው እዚያው ጅማ መርካቶ ለመድረስ ቀን አይፈጅበትም፤ የአጎትሽንም ስም ይዞ ይሄዳል።

ሌላው ብርሃን ነው። ሳሎኖቻችን ጨለማ የሚሆኑት ብዙ ጊዜ ቡፌው መስኮቱን ስለሚጋርድና መጋረጃው ስለሚደራረብ ነው። ቡፌውን አዙሪ፤ አንዱን መጋረጃ አውርጂ። ክረምት ላይ ገዢውን ሰማዩ ሳይጠቁር ጠዋት ቅጠሪው። ለቴሌግራም የሚለጠፈውንም ፎቶ ያኔ አንሺ፤ ከበሩ ጥግ ሆነሽ ሁለት ግድግዳ እንዲታይ። ቤቱ ባዶ ከሆነ ደግሞ አናጺዎቹን አነጋግሪ። የጅማ በርጩማ ስሙ የታወቀ ነው። ሁለት ሦስት በርጩማና አንድ ጠረጴዛ ለጥቂት ቀን ቢያውሱሽ፣ የሚመጣው ገዢ ሁሉ ሥራቸውን ያይላቸዋል።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። ከሽያጩ ላይ ኮሚሽን አትጠይቂ። ኮሚሽን የደላላ ነው፤ ከጀመርሽው ከሁሉም ደላላ ጋር ትጣያለሽ። ያንቺ ዋጋ ቁርጥ ይሁን፦ የእጅ ዋጋሽ ለብቻ፣ ዕቃውን ባለቤቱ ይግዛ። ምን እንደምትሠሪ በወረቀት አስፍሪና ቀብድ ተቀበዪ። ቤቱ ሳይሸጥ ቢቆይም ክፍያሽ እንደማይቀር እዚያው ላይ ይጻፍ። የሚሸጥ ቤት በየሳምንቱ ስለማይገኝ የሚከራይ ቤትና ፔንሲዮን ጨምሪበት። ዩኒቨርሲቲው ባለበት ከተማ ተከራይ ይለዋወጣል፤ ከሁለት ተከራይ መካከል ያሉት ጥቂት ቀናት ያንቺ ናቸው። የቅጥር ማስታወቂያ መከታተሉንም አትተዪ። አማርኛና ኦሮምኛ ሁለቱንም መናገርሽን በላክሽልኝ የሥራ ማመልከቻ ላይ አልጻፍሽም፤ ጻፊው።

ከእናትሽ ጋር አሁን በቃል አትከራከሪ። አጎትሽን ብዙ ሰው አይቶት ያልተሸጠ አንድ ቤት ጠይቂያቸው። ባለቤቱ ከተስማማ የመጀመሪያውን በትንሽ ዋጋ ሥሪለት፤ በነጻ ግን አይሁን። ሳይነካና ካለቀ በኋላ ከአንድ ቦታ ቆመሽ ፎቶ አንሺ። የወጣውን ወጪ በደብተር ያዢ። ከባለቤቱ ጋር የምትፈራረሚውን ወረቀት ረቂቅ ከመፈረምሽ በፊት ላኪልኝ፤ አብረን እናየዋለን።