የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ መቀሱ ከቃሉ ቀድሞ ሲሄድ

ጥያቄ

የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ በቻይና ጂንኋ ከተማ የእንግሊዝኛ ቋንቋ አስተማሪነትን በሁለተኛ ዲግሪ የማጠና ኢትዮጵያዊት ነኝ። ለልምምድ በተመደብሁበት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለአምስተኛ ክፍል ልጆች፣ «ጂየንዥ» የሚባለውን የቻይናውያን ባህላዊ የወረቀት ቆረጣ መነሻ ያደረገ የእንግሊዝኛ ትምህርት አቅርቤ ነበር። እያሳየኋቸው አጠፉ፣ ቆረጡ፣ መስኮቱንም በቀይ አበባ ሞሉት፤ 40ውን ደቂቃ ግን ያሳለፉት በቻይንኛ እየተጫወቱ ነው። የሚከታተሉኝ መምህር ሲወጡ «ጥሩ የእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ ነበር» አሉኝ፤ ምስጋና ይሁን ወቀሳ አልለየሁም። ዘዴውን ልተወው ወይስ የሚቃናበት መንገድ አለ? ደግሞስ መቀስ በ50 ልጆች እጅ አያሰጋም?

መልስ

ውድ ጠያቂያችን፣ የመምህሩን ቃል እንደ ወቀሳ ቢወስዱት የሚጠቅምዎ ይመስለኛል፤ ዘዴውን ግን አይተዉት። ጉድለቱ ከወረቀቱ አይደለም፤ እርስዎ ፊት ለፊት ቆመው በማሳየትዎ የመጣ ነው። በዓይኑ የሚያይ ልጅ በጆሮው መስማት አያስፈልገውም፤ ብዙዎቹ ልጆች ደግሞ ማጠፍና መቁረጥን በቤት ወይም በሥነ ጥበብ ክፍለ ጊዜ ስለለመዱት እንግሊዝኛው ሳይነካቸው ሥራው ያልቃል።

ስለዚህ መቀሱ ቃሉን እንዲጠብቅ ያድርጉ። ልጆቹን ሁለት ሁለት አድርገው ጀርባ ለጀርባ ያስቀምጧቸው፤ አንዱ የአስተጣጠፉንና የአቆራረጡን ሥዕል ይዞ ይናገር፣ ሌላው ሥዕሉን ሳያይ በሰማው ብቻ እያጠፈ ይቁረጥ። ለመነሻ የሚበቁት ቃላት ጥቂት ናቸው፦ «ፎልድ»፣ «ከት»፣ «አንፎልድ»፣ «ፈርስት»፣ «ኔክስት»፣ «ኢን ሃፍ»፣ «አሎንግ ዘ ላይን»። ከሁሉ ይልቅ ጊዜ ሊሰጡት የሚገባው የታጠፈውን ጠርዝ ከክፍቱ ጠርዝ የሚለየው አነጋገር ነው። ተናጋሪው «ፎልደድ ኤጅ» ማለት ሲገባው «ኦፐን ኤጅ» ካለ፣ አንድ ሙሉ ቢራቢሮ ይወጣዋል የተባለው ወረቀት ሁለት ግማሽ ቢራቢሮ ሆኖ ጠረጴዛው ላይ ይወድቃል። ከዚያ በኋላ ልጆቹ የሚከራከሩት «ምን ብለህ ነበር?» በሚለው ላይ ነው፤ እርማቱን ወረቀቱ ስለሰጠ የእርስዎ ቀይ እስክሪብቶ ቦርሳዎ ውስጥ ሊቆይ ይችላል። በዚህ ጭቅጭቅ መካከል ቻይንኛ ሾልኮ ቢገባ እኔ አልቆጣም፤ ትእዛዙ ራሱ በእንግሊዝኛ መሰጠቱ ይበቃኛል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ጄምስ አሸር በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያስተዋወቀው፣ ትእዛዝን ሰምቶ በአካል በመፈጸም ቋንቋ የመማር ዘዴ፣ ተማሪውን በመጀመሪያ ዝም ብሎ አድማጭ ያደርገዋል፤ እዚህ ግን ከክፍሉ ግማሹ ተናጋሪ ነው፤ መካከል ላይ ሚናቸውን ማቀያየርዎን ብቻ አይርሱ።

ሁለተኛው ሀብት የቅርጾቹ ትርጉም ነው፤ ከደብዳቤዎ እንደተረዳሁት ይህን ጨርሶ አልነኩትም። በፀደይ በዓል፣ ማለትም በቻይናውያን አዲስ ዓመት፣ መስኮት ላይ የሚለጠፈው ቀይ ወረቀት እንዲያው ጌጥ ብቻ አይደለም። ዓሣ የሚቆረጠው «ዩ» የሚለው የዓሣ ስም «ትርፍ» ከሚለው ቃል ጋር በድምፅ አንድ ስለሆነ፣ ከዓመት ዓመት የሚተርፍ በረከት እንዲሆን በመመኘት ነው፤ የሌሊት ወፍም «ቢየንፉ» የሚለው ስሟ መጨረሻ «ፉ» ከሚለው የመልካም ዕድል ቃል ጋር በድምፅ አንድ ስለሆነ የመልካም ዕድል ምልክት ሆናለች። ቅኔ ለሰማ ጆሮ ነገሩ እንግዳ አይሆንም፤ ዓሣው ሰም፣ ትርፉ ወርቅ ነው። ኅብሩ ግን ወደ እንግሊዝኛ አይሻገርም፤ በዚያ ቋንቋ ዓሣና ትርፍ በድምፅ አይገናኙምና። ስለዚህ ልጁ ምስጢሩን ለመግለጥ «ሳውንድስ ላይክ»፣ «ሚንስ»፣ «ቢኮዝ» እያለ ዐረፍተ ነገር ለመገንባት ይገደዳል። ቻይናዊ መምህር «ዓሣው ምን ማለት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ መልሱን እያወቀ እንደሚጠይቅ ልጆቹ ያውቃሉ፤ እርስዎ ግን የእውነት እንግዳ ነዎት፣ አለማወቅዎም እዚህ ላይ ከማንኛውም የማስተማሪያ መሣሪያ ይበልጣል። እንግዲህ ከላይ የነገርኩዎትን ሁለቱን ይርሱልኝና የቀሩትን ከልጆቹ አፍ ይስሙ።

የታሪክ ገለጻውን ያሳጥሩት። በሰሜን ምዕራብ ቻይና በቱርፋን የተገኙት ጥንታዊ የወረቀት ቆረጣዎች የ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መሆናቸውና ዩኔስኮ ጥበቡን እ.ኤ.አ. በ2009 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ማስፈሩ ለአምስተኛ ክፍል በሁለት ዐረፍተ ነገር ያልቃል።

ወደፊት መካከለኛ ደረጃ ላይ ከተመደቡ ግን ሌላ በር ይከፈትልዎታል። በቻይና በስፋት ሲሠራበት የቆየው የዘጠነኛ ክፍል የእንግሊዝኛ መማሪያ መጽሐፍ የወረቀት ቆረጣን ከሰማይ ፋኖስና ከሸክላ ቅርጻ ቅርጽ ጋር አንድ ላይ የሚያነሣው ተገብሮ ግስ በሚያስተምርበት ምዕራፍ ውስጥ ነው። ምርጫው ተገቢ ነው፤ ስለ ወረቀቱ ስንናገር ማን እንዳጠፈው ሳይሆን ምን እንደተደረገ ነው የሚያስፈልገን። እኛ «ቆረጠ» ላይ «ተ» ጨምረን «ተቆረጠ» ስንል የምንሠራውን ሥራ ቻይናውያን ተማሪዎች በቋንቋቸው በግስ ቅርጽ ለውጥ ስለማይሠሩት፣ ይህ ምዕራፍ ያስቸግራቸዋል። ታዲያ በ«ከት» አይጀምሩ፤ ይህ ግስ በኃላፊም በተገብሮም መልኩን ስለማይለውጥ ልጁ ምን እንደተለወጠ አያይም። «ፎልድ» «ፎልደድ» ሲሆን ግን ልዩነቱ በጆሮም በዓይንም ይገኛል።

ስለ መቀሱ፦ ባቀረብኩት አሠራር ለ50 ልጆች 25 መቀስ ይበቃል፣ የያዘውም ልጅ ቁጭ ብሎ እየሰማ ነው፤ ጫፉ ድቡልቡል የሆነውን ይምረጡ። በሄበይ ክፍለ ሀገር በዩሺየን የሚሠራው፣ ብዙ ወረቀት ተደራርቦ በስለት ከተቀረጸ በኋላ ቀለም የሚቀባው ዓይነት እጅግ ያምራል፤ እርሱን በፎቶግራፍ ብቻ ያሳዩአቸው።